ለምንም የማይጠቅመው የኦቦ መርጋ ሳይክል

ኦቦ መርጋ መሞታቸውን የሰማሁት አዲስ ዓለም፣ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ነው። በድሮ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ግሩፕ ፎቶግራፋቸው ወጣ። ግራና ቀኝ ሻማ ተለጥፎበታል፣ ከሥሩ ሰው ሁሉ "ነፍስ ይማር" እያለ ይደረድራል። እኔም የበኩሌን ጽፌ ልዘጋው ስል ከፎቶው በታች ያለውን አጭር የሕይወት ታሪክ አነበብኩ። "በሥራ ዘመናቸው በርካታ ችግር ፈቺ ቴክኖሎጂዎችን ያበረከቱ፣ በተለይም ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ የሚያገለግል ልዩ ሳይክል የሠሩ" ይላል።

እንባዬ እዚያው ደረቀ። ሚኒባሱ መጣ፣ አልተሳፈርኩም። ረዳቱ "እትዬ፣ አይገቡም እንዴ?" ቢለኝ "አልገባም!" ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገኝ? ሰው ሲሞት ትንሽ ውሸት እንደሚጨመርለት አውቃለሁ። ሰነፉ ታታሪ፣ ነጭናጫው ደግ ይባላል፤ ማንም አይጎዳም። ይቺኛዋ ውሸት ግን ሌላ ናት። ኦቦ መርጋ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልናገርም ብለው በሕይወታቸው አጥብቀው የሚወዱትን ነገር አጥተዋል። በቁማቸው እምቢ ያሏትን፣ አፋቸው እስኪዘጋ ጠብቀው አጎረሷቸው። ስለዚህ እኔም እጽፋለሁ።

አብረን የሠራነው አምቦ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እዚያ እንጀራቸውን የሚበሉ ወዳጆች አሉኝ። እሳቸው የብረታ ብረት አስተማሪ፣ እኔ የድሮዊንግ። የክፍሌ መስኮት ከወርክሾፓቸው በር ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝ፣ ፈልጌም ሳልፈልግም ስምንት ዓመት ሙሉ ሳያቸው ኖሬያለሁ።

ትሑት ሰው አልነበሩም። ሟች ሁሉ ትሑት ስለሚደረግ አስቀድሜ ልናገረው። ኦቦ መርጋ ጉረኛ ነበሩ። "ከጌዶ እስከ አዲስ ዓለም እንደ እኔ የሚበይድ ሰው ካለ አምጡልኝና ወንበሬን ልልቀቅለት" ይሉ ነበር፤ ያመጣላቸው የለም። ከቱታቸው ሥር ሁልጊዜ ከራባት ያስራሉ። ከራባቷን የብየዳ ፍንጣሪ በሳስቷታል፣ እሳቸው ግን ፋሽን ነው ይላሉ። ጸጉራቸውን ቀለም ይቀባሉ፤ ሲጠየቁ "የእኛ ዘር አይሸብትም" ብለው ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ። ስብሰባ ላይ እጃቸውን ሳያወጡ ያለፈ አጀንዳ ትዝ አይለኝም። ሰው አንድ ነገር በእርግጠኝነት ከተናገረ ወዲያው "ማነው ያለው?" ይላሉ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብትሏቸው እንኳ፣ ሰማዩ ጠቁሮ እያዩት፣ "ማነው ያለው?"

ወርክሾፑን ግን እንደዚያ የሚወድ ሰው አላየሁም። ጠዋት ከዘበኛው ቀጥሎ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። በሩን ከፍተው ለማሽኖቹ "አከም ቡልተን?" ይሏቸዋል፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ መጥረጊያ ያነሣሉ። የጽዳት ሠራተኛ እያለ ራሳቸው የሚጠርጉት ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው "የወደቀው ብሎን የት እንደወደቀ እሷ አታውቅም" አሉኝ። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ አንድ ጊዜ ግቢ መጥተው ወርክሾፑን ከበሩ ላይ ቆመው ቃኙና "ጣውንቴ ይቺ ናት?" ብለው አሳቁን።

ኦቦ መርጋን ከምንም በላይ የሚያስጮሃቸው ደግሞ መሐሉን የሳተ ሥራ ነበር። "ሴንተር! ሴንተር!" የሚለው ድምፃቸው ግቢውን አቋርጦ የእኔን ተማሪዎች ያስደነግጣል። መሐሉን የሳተ ነገር ካዩ አንሥተው ወርክሾፑ ጓሮ ያለው የቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ይወረውሩታል። ልጁ ለምኖም አልቅሶም ዋጋ የለውም፤ እንደገና ነው የሚሠራው።

አንድ ቀን ጎጆ ከሚባለው ከተማ የመጣች ብርቱካን የምትባል ተማሪያቸው የእጅ ጋሪ ጎማ እንድትሠራ ታዘዘች። ልጅቷ ሞዞውን፣ የጎማውን እንብርት ማለት ነው፣ ከመሐል አራቀችና ወደ አንድ ጎን አስጠግታ በየደችው። ጩኸቱን ጠብቄ መስኮቴን ልዘጋ ተነሣሁ። ኦቦ መርጋ ጎማውን ሊወረውሩት ብድግ ሲያደርጉት ከእጃቸው አመለጠና በሲሚንቶው ወለል ላይ መንከባለል ጀመረ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ለመቆም ያመነታና እንደገና ይወረወራል፤ ገበያ ውሎ ሞቅ ብሎት እንደሚመለስ ሰው። ግድግዳው ጋ ደርሶ ወደቀ።

ጩኸት አልመጣም። ኦቦ መርጋ ሄደው ጎማውን አነሡትና እንደገና አንከባለሉት። ከዚያም እንደገና። የዕረፍት ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎቹ ወጡ፣ ብርቱካን በሩ ላይ ቆማ ፍርዷን ትጠብቃለች፤ እኚያ ከራባት ያሰሩ ትልቅ ሰው ጎማ እየተከተሉ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ብቻቸውን ሳቁ። ልጅቷን "ሂጂ፣ አልፈሻል" አሏት፤ በምን ሥራ እንዳለፈች እስካሁን የምታውቅ አይመስለኝም።

ሳይክሉ የተጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። አሮጌ የትልቅ ሰው ሳይክል አካል ከጌዶ ገበያ አመጡ፣ ሁለት የልጆች ሳይክል ቸርኬ፣ የጎማ ክብ ብረት፣ ደግሞ ከክምሩ ውስጥ አገኙ። ሐሳቡ ይሄ ነው፤ ጎማው ክብ ይሆናል፣ የሚሽከረከረው ግን በመሐሉ ሳይሆን ከመሐሉ በራቀ ነጥብ ላይ ነው። ትንሽ ጎማ የመረጡት ለዚህ ነው፤ ትልቅ ቢሆን ከፍ ሲል አካሉን ይመታል። በቀጫጭኑ ሽቦ ፈንታ የቤት ፌሮ ብረት ቆራርጠው አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም እያደረጉ ሞዞውን ከቸርኬው ጋር በየዱት። የመጀመሪያው ጎማ በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ሁለተኛው ግን ከረመ። ልክ እንደ መጀመሪያው፣ በዚያው መጠን መሳት አለበት። "አንዴ መሳሳት ማንም ያውቅበታል፤ እኩል ሁለት ጊዜ መሳሳት ግን እኔን የመሰለ ሰው ይፈልጋል" አሉኝ፣ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን አሞካሽተው።

መጀመሪያ ሲገጥሙት ሁለቱም ጎማዎች አንድ ላይ ከፍ አንድ ላይ ዝቅ ይሉ ነበር። ሞክረውት ወረዱና "ይሄ ሊፍት ነው። እኔ የምፈልገው ፈረስ ነው" አሉ። የፊተኛውን ጎማ ግማሽ ዙር አዙረው ገጠሙት። አሁን ፊቱ ሲነሣ ኋላው ይወርዳል፣ ኋላው ሲነሣ ፊቱ ይደፋል። ከራባታቸው ትከሻቸው ላይ እየተገለበጠች ግቢውን ሲጋልቡበት ግቢው በሙሉ ከየክፍሉ ወጥቶ ቆመ። የሚገርመው፣ ጥግ ላይ በታጠፉ ቁጥር የፊተኛው ጎማ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ የሁለቱ አካሄድ ይዛነፋል፤ ሲጋልብ የነበረው ከታጠፈ በኋላ ሶምሶማ ይሆናል። ይሄን አስበውት አልነበረም። በማግስቱ መጥተው "ባለቤቱንም ያስገርማል" ሲሉኝ ፊታቸው እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

ፍሬን አልነበረውም፤ ከፍና ዝቅ የሚል ጎማ ፍሬን አይዝም። በጫማቸው ነው የሚያቆሙት። በዚያ ላይ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት በእሱ መመላለስ ጀመሩ። የሰፈር ልጆች "ፈርዳ! ፈርዳ ኦቦ መርጋ!" እያሉ ይከተሏቸዋል፣ የኦቦ መርጋ ፈረስ ማለታቸው ነው። ያ ጊዜ መንገድ በየሰበቡ የሚዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ በወጣ ቁጥር ወዴት፣ ለምን የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ጠባቂ አስቆማቸው።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም።"

"ወዴት ነው?"

"የትም።"

"የትም አይባልም። ለምን ጉዳይ ነው የወጡት?"

"ጉዳይ የለኝም። ደርሼ እመለሳለሁ።"

ጉዳይ የሌለው ሰው ከሁሉም በላይ ያጠራጥራል መሰለኝ እስከ ምሳ ሰዓት አስቀመጧቸው። "ዘመድ ጥየቃ" ቢሉ በደቂቃ ያልፉ ነበር። ይሄን ስነግራቸው "ዘመድ ልጠይቅ አልወጣሁማ!" ብለው ተቆጡኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በማሠልጠኛችን እያንዳንዱ አስተማሪ በየዓመቱ አንድ "ችግር ፈቺ ቴክኖሎጂ" ሠርቶ ለኤግዚቢሽን ማቅረብ ግዴታው ነው። ያላቀረበ ወርክሾፕ አይይዝም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ የበቆሎ መፈልፈያ፣ በእግር እየተረገጠ እጅ የሚያስታጥብ ቧንቧ እንሠራለን። እንግዶች ይመጣሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ዕቃው መጋዘን ይገባል፣ ችግሩም በነበረበት ይቀጥላል። ኦቦ መርጋም እንደ ሁላችን በየዓመቱ ሲያቀርቡ ኖረዋል። በዚያ ዓመት ግን ኮሚቴው ፊት ሳይክሉን ይዘው ገቡ።

ኮሚቴው ሦስት ነበርን። ዲናችን፣ የብረታ ብረት ክፍል ኃላፊው ሀብታሙና ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ። ሀብታሙ የኦቦ መርጋ የራሳቸው ተማሪ ነው፤ እንደ አባት ነው የሚያያቸው።

"የዘንድሮው ሥራዎ ይሄ ነው?" አለ ዲኑ።

"ይሄው ነው።"

"የሚፈታው ችግር ምንድን ነው?"

"ሆማ" አሉ ኦቦ መርጋ በኦሮምኛ። ዲኑ ያልሰማ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት። "ምንም።"

ሀብታሙ ጣልቃ ገባ። "ኦቦ መርጋ፣ ለአካል ብቃት ይሆናል እኮ። ለወገብ ሕመምም ሳይረዳ አይቀርም፣ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ..."

"ማነው ያለው? እኔ ከተሳፈርኩበት ወዲህ ነው ወገቤን ያመመኝ!"

ዲኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ከበላዩ የሚጠይቀው ሰው አለው። "ኦቦ መርጋ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ለአካል ብቃት ነው ይበሉኝ። ያኔ እኔም አልጠየቅም፣ እርስዎም ወርክሾፕዎን ይዘው ይቀጥላሉ።"

"አልልም።"

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፕ ሄጄ ለመንኳቸው። ሰው ሲያየው ይስቃል፤ ሳቅ ደግሞ ጤና ነው፤ ያስቃል ይበሉ፣ ውሸት አይሆንብዎትም አልኳቸው። ብየዳቸውን አቆሙና መከላከያውን ከፊታቸው አነሡ።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ "ሠላሳ ዓመት ያዘዙኝን ሠራሁ። በር ሲሉኝ በር፣ አልጋ ሲሉኝ አልጋ፣ ምድጃ ሲሉኝ ምድጃ። አሳምሬ ነው የሠራሁት፣ አይቆጨኝም። ይቺን ግን ማንም አላዘዘኝም። ደስ አለኝ፣ ሠራኋት። አሁን ምክንያት ካበጀሁላት ይቺም የታዘዘች ሆነች ማለት አይደል?"

"ወርክሾፑንስ?"

ዞር ብለው ማሽኖቹን ተራ በተራ አዩአቸው። መከላከያውን ወደ ፊታቸው መለሱና ብየዳቸውን ቀጠሉ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ግቢያችን ድንኳን በድንኳን ሆነ። ኦቦ መርጋ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ያልተበሳ ከራባት አስረው መጡ። ሳይክላቸው ከድንኳኑ ሁሉ መሐል ቆሟል። ጎማዎቹ ግን ሌላ ናቸው፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ልክ መሐላቸው ላይ የተገጠሙ ጎማዎች። መሪው ላይ አንድ ወረቀት ተንጠልጥሏል። "የአካል ብቃትና የወገብ ሕመም ማስታገሻ ሳይክል" ይላል።

ሀብታሙ ከጎኑ ቆሞ ያልበዋል። "ኦቦ መርጋ፣ ስለ እርስዎ ብዬ ነው። ዲኑን ለምኜ አስገባሁልዎ። እንግዶቹ ቢሞክሩትና ቢወድቁስ ብዬ ጎማውን አስተካከልኩት። እርስዎ ምንም አይናገሩ፣ እኔ አስረዳለሁ።"

ልብ በሉልኝ፣ ሀብታሙ ጥሩ ሰው ነው። ከልቡ ነው ያደረገው። ግን ይሄን የመሰለ ነገር ከእኛ ግቢ ሌላ የት ይደረጋል? የሚጋልብን ሳይክል ተራ ሳይክል አድርጎ፣ ለተራው ሳይክል ደግሞ የሌለውን ሕክምና ለጥፎ ማቅረብ! እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ኦቦ መርጋ ግን አልጮኹም።

"ጎማዎቼ የት አሉ?"

"ኦቦ መርጋ፣ ማሎ፣ እባክዎ..."

"ሀብታሙ። ጎማዎቼ።"

"ክምሩ ጋ።"

ያ ክምር የእሳቸው ክምር ነው። ወደ ጓሮ ሄዱና በያንዳንዱ ትከሻቸው አንድ አንድ ጎማ ሰክተው ተመለሱ፤ ዝገቱ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ረገፈ። እንግዶቹ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረው ከድንኳን ድንኳን እየመጡ ነው። ኦቦ መርጋ ሳይክሉን ገልብጠው በመቀመጫው አቆሙት፣ ከኮት ኪሳቸው መፍቻ አወጡ። ሙሉ ልብስ ሲለብሱም መፍቻ እንደማይለያቸው ያን ቀን አወቅሁ። እንግዶቹ የበቆሎ መፈልፈያው ጋ ሲደርሱ የፊተኛው ጎማ ተገጥሟል። የእጅ መታጠቢያው ጋ ሲደርሱ የኋለኛው። ድንኳናችን ውስጥ ሲገቡ ኦቦ መርጋ ሳይክሉን ወደ ቦታው መልሰው ወረቀቱን ከመሪው ላይ እየቀደዱ ነበር።

ከእንግዶቹ ዋናው ሰውዬ ጎማዎቹን ረጅም ጊዜ አየ።

"ተበላሽቷል?"

"የለም፣ እንዲህ ነው የተሠራው።"

"ምን ይጠቅማል?"

ዲኑ ዓይኑን ጨፈነ። ሀብታሙ ከኋላ ሆኖ በከንፈሩ "ለአካል ብቃት፣ ለአካል ብቃት" ይላል፤ እኔ አየሁት፣ ኦቦ መርጋም አዩት።

"ምንም አይጠቅምም" አሉ።

"ታዲያ ለምን ሠሩት?"

"ስለፈለግሁ።"

ሰውዬው የቀለዱበት መሰለው። ዲኑን ገልመጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ድንኳን አለፈ። ኦቦ መርጋ ሳይክላቸውን ይዘው ወጡ፣ ተሳፈሩ፣ በተደረደረው ሕዝብ መሐል ብቅ ጥልቅ እያሉ በበሩ ወጥተው ሄዱ። ተማሪዎቹ ጨርቅ ጨርቃቸውን እያውለበለቡ አፏጩ። እኔም መዳፌ እስኪያቃጥለኝ ድረስ አጨበጨብኩ።

ብዙም ሳይቆይ የወርክሾፑን ቁልፍ ተረከቧቸውና መጋዘን መደቧቸው። ያ መጋዘን ችግር ፈቺዎቹ ሁሉ የሚታጎሩበት ነው። ጠዋት በሳይክላቸው እየጋለቡ ይመጣሉ፣ በወርክሾፑ በር ፊት ያልፋሉ፣ መጋዘኑን ከፍተው ይቀመጣሉ። እዚያም ጉራቸው አልጠፋም፤ "ምድጃው፣ መፈልፈያው ሁሉ ከሥሬ ነው፣ አሁን እኔ የቴክኖሎጂ ሚኒስትር ነኝ" ይሉኛል። ግን እጃቸው ሥራ ፈትቷል። ሲያወሩ ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ብሎን ያጠብቃሉ። ከወርክሾፑ የምትካቸው ብየዳ ድምፅ ሲሰማ ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጣሉ፤ "አፍጥኖታል፣ ይቦረቡራል" ይላሉ ለራሳቸው። አንድ ቀን ጸጉራቸው ሥሩ ነጭ ሆኖ አየሁት። ቀለሙን ትተውታል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ምትክ የተባለው አስተማሪ ሳይመቸው ቀርቶ ለቀቀ። ሌላ ተፈለገ፣ ጠፋ። ተማሪዎቹ ብረት ሳይነኩ ወራት አለፉ። ያኔ የመምህራን ጉባኤ ተጠራና ዲኑ ተነሥቶ መልካም ዜና ይዤ መጥቻለሁ አለ። ከበላዮቹ ጋር ተነጋግሯል። ኦቦ መርጋ ያን ጊዜ ለእንግዳው የሰጡት መልስ በስህተት እንደነበር፣ ሳይክሉ ለአካል ብቃት እንደሚያገለግል በጉባኤው ፊት ካስረዱና ቃለ ጉባኤ ከተያዘ፣ ወርክሾፑን በማግስቱ ይረከባሉ።

አዳራሹ በደስታ ተንጫጫ። ሁላችንም ነበርን የምንፈልገው። ሀብታሙ ሄዶ እጃቸውን ሳመ። ኦቦ መርጋ ቀና ብለው ቆሙ። ከራባታቸውን ዳሰሱ።

"ወርክሾፑ ናፍቆኛል" አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። "መዋሸት አልችልም፣ ሌሊት በሕልሜ እበይዳለሁ። ልጆቹም ያሳዝኑኛል። ያቺ ሳይክል ግን ለምንም አትጠቅምም። ለአካል ብቃትም፣ ለወገብም፣ ለምንም። እንዲህ ብላችሁ ካስገባችሁኝ እገባለሁ።"

ተቀመጡ። ዲኑ ፊቱን በእጁ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሰናይት፣ 'መምህር መርጋ ሳይክሉ ለአካል ብቃት እንደሚያገለግል ለጉባኤው አስረድተዋል' ብለሽ ያዢው።"

ሁሉም ገባው፤ ውሸቱን እሳቸው ሳይናገሩት እኛ ልንናገርላቸው ነው። ሀብታሙ ባይኑ ለመነኝ። ዲኑ ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ ብሎ "ለእሳቸው ብለሽ" አለኝ፣ እውነቱንም ነበር። አንድ መስመር ብጽፍ ነገ ጠዋት ያ በር ይከፈታል። ጸጉራቸውን እንደገና ይቀባሉ። በመስኮቴ አያቸዋለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነበርኩ።

ኦቦ መርጋ ከመቀመጫቸው ሆነው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አላዘዙም። "ኢንተላ ኮ፣ ያልኩትን ጻፊ" አሉኝ፤ ሰው ውሃ ስጪኝ እንደሚለው።

ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ እንደ ደንቡ ተነሥቼ ለጉባኤው አነበብኩት። "መምህር መርጋ ሳይክሉ ለአካል ብቃትም፣ ለወገብም፣ ለምንም እንደማይጠቅም አስረድተዋል።" ዲኑ ደክሞት "የተባለው ይህ ከሆነ ፈርሙ" አለና ወረቀቱን ወደ አዳራሹ ገፋው። ሁሉም አቀርቅሮ ወረቀቱን ይሸሸዋል፤ ከሥሩ መፈረም ማለት ወርክሾፑን ለዘለዓለም በእሳቸው ላይ መዝጋት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ኦቦ መርጋ ከኋላ ረድፍ ተነሥተው መጡ። እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱና፣ ጎንበስ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጽፈው ፈረሙ።